የትኛውን የድምፅ አስጎብኚ እንግዛ? ለትናንሽ ሙዚየሞች የተዘጋጀ የአመራረጥ መመሪያ

«ለሙዚየማችን የትኛውን የድምፅ አስጎብኚ (ጎብኚው እየዞረ የሚያዳምጠውን የተቀረጸ ገለጻ) እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም በተደጋጋሚ ይመጣልኛል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የዕቃ ስምና ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ውስጥ ይኖራል? መብራት ሲሄድ ምን ታደርጋላችሁ? የሚደመጠውን ጽሑፍ ማን ይጽፈዋል? እነዚህ ሳይመለሱ የተገዛ ዕቃ መጨረሻው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በስልክ ከመደጋገም ይሻላል ብዬ ቅደም ተከተሉን እዚህ አስቀምጫለሁ።

መመሪያው ከሁለት እስከ ስምንት ክፍል ላላቸውና ጥቂት ሠራተኛ ይዘው ለሚሠሩ ሙዚየሞች ነው። ግዢው የሚመጣው ስድስተኛው ደረጃ ላይ ነው። አትቸኩሉ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ሰው የሆነው አስጎብኚ «ሥራዬን ሊቀማኝ ነው» ብሎ ይሰጋል። የተቀረጸ ድምፅ ጥያቄ አይመልስም፤ ስለዚህ አይተካውም። ይልቅ ከመጀመሪያው ቀን አብሯችሁ ይሥራ። የትኛው ቅርስ ፊት ሰው እንደሚቆም፣ የትኛውን ዘሎ እንደሚያልፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሚያስፈልጋችሁ

- የሙዚየሙ ፕላን (በእጅ የተሳለም ይበቃል)
- የጎብኚ መዝገብ ወይም የትኬት ጉርድ፣ ቢቻል የአንድ ዓመት
- ሦስት ስልክ፦ አንድ ያረጀ አንድሮይድ፣ አንድ አዲስ አንድሮይድ፣ አንድ አይፎን
- ማይክ ወይም የድምፅ መቅጃ፣ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር
- ወፍራም ብርድ ልብስና ፍራሽ (ለቀረጻው ክፍል)
- ለሙከራ የሚሆን ትንሽ ራውተርና ፓወር ባንክ፤ መዋስ ይቻላል
- ሜትር፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶ
- ለማዳመጥ ፈቃደኛ የሆኑ አምስት ስድስት ሰዎች፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች አይሁኑ

ደረጃ 1፦ ጎብኚያችሁን ቁጠሩ

የሚገዛውን ብዛት የሚወስነው የዓመቱ ድምር አይደለም። የሚወስነው በተጨናነቀው ሰዓት በአንድ ጊዜ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦

በሰዓት የሚገባው ሰው × የጉብኝቱ ርዝመት በደቂቃ ÷ 60

በሰዓት 30 ሰው ቢገባና ጉብኝቱ 45 ደቂቃ ቢወስድ 22.5 ይመጣል፤ 23 በሉት። ሁሉም ግን ማጫወቻ (ገለጻው የሚሰማበትን በእጅ የሚያዝ ዕቃ) አይወስድም። ግማሹ ይወስዳል ብትሉ 12 ይሆናል። ቻርጅ ላይ ላለውና ለተበላሸው አንድ አምስተኛ ጨምሩ። 14 ወይም 15 ማጫወቻ ይበቃችኋል። ይህን ስሌት ሳይሠሩ «ለማንኛውም 50 ይሁን» ማለት ገንዘብ ወንዝ መጣል ነው።

የትምህርት ቤት ቡድንን በዚህ ቁጥር ውስጥ አታስገቡ። 60 ተማሪ ሲመጣ 60 ማጫወቻ ማደል አይቻልም። ማደሉ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይበላል። ተማሪ በሰው ይጎብኝ።

ከብዛቱ ጋር ማን እንደሚመጣም ጻፉ። በወሎ ከጎብኚዎቻችሁ ብዙዎቹ ሒጃብ ወይም ሻሽ ያደረጉ እናቶችና እህቶች ናቸው። ራስ ላይ የሚደፋ ሄድፎን አይመቻቸውም። ጆሮ ውስጥ የሚገባውም ሻሹን ማላላት ይጠይቃል። እንደ ስልክ ጆሮ ላይ የሚያዝ ማጫወቻ ግን በጨርቅ ላይም ይሰማል። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ የለም። ከከሚሴና ከባቲ አቅጣጫ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ጎብኚ ይመጣል፤ የውጭ ሰው ሲመጣ ደግሞ እንግሊዝኛ ይፈለጋል። ማንበብ የማይችሉ አዛውንቶችም አሉ። ለእነሱ በስልክ ካሜራ የሚነሳው ኪውአር ኮድ ትርጉም የለውም፤ ቁጥር መለየት ግን ብዙዎቹ ይችላሉ።

ደረጃ 2፦ ቤቱን ፈትሹ

ሙዚየሞቻችን ብዙ ጊዜ ለሙዚየምነት ያልተሠሩ ቤቶች ውስጥ ናቸው። የደሴ ሙዚየምም የሚገኘው በቀድሞው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነው። እንዲህ ባለ አሮጌ ቤት ወፍራም ግድግዳ ሞገድ ይይዛል፤ ሶኬትም እንደ ልብ አይገኝም።

በየክፍሉ እየዞራችሁ እነዚህን መዝግቡ፦

- የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ዳታ በክፍሉ መሃልና በጥጉ ይሠራል? «በር ላይ ይሠራል» ማለት አይበቃም።
- ሶኬት የት አለ?
- ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ምን ያህል ይጮኻል? ቆርቆሮ ሥር በሐምሌ የሚደመጥ ነገር የለም፤ ጆሮ ላይ የሚለጠፍ ማዳመጫ ካልሆነ።
- ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም መተላለፊያ ይቀራል? በጠባብ ቦታ የማዳመጫ ነጥብ አይደረግም፤ ሰው ይከማቻል።

ከዚያ ቆጣሪውን አጥፉና ለአንድ ሰዓት ሥሩ። መብራት ሲሄድ ምኑ እንደሚቆም፣ ምኑ እንደሚቀጥል ታያላችሁ። ይህ ሙከራ ከማንኛውም የሻጭ ማብራሪያ ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ አማራጮቹን እወቁ

ገበያ ላይ ያለው ዓይነት ብዙ ይመስላል። ሲጠቃለል አምስት ነው።

*ሀ. በእጅ የሚያዝ ማጫወቻ።* ጎብኚው ቁጥር ይጫናል፣ ያዳምጣል። ኔትወርክ አይፈልግም፤ ቻርጅ ከተደረገ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ለአዛውንት ከሁሉም ይቀላል። ጣጣው ማደልና መሰብሰብ፣ ማጽዳት፣ ባትሪ መቀየር ነው። ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድከሙ አይቀርም።

*ለ. በጎብኚው ስልክ፣ በኢንተርኔት።* ጎብኚው ኪውአር ኮዱን ያነሳል፣ ገጽ ይከፈታል፣ ድምፁን ይሰማል። ለናንተ የሚያስወጣው ጥቂት ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን ሁሉም ነገር ይቋረጣል፤ ዳታ የሌለው ጎብኚም ይቀርበታል። ለዚህ ተብሎ አፕ ማሠራት አልመክርም። ለአንድ ሰዓት ጉብኝት አፕ የሚያወርድ ሰው ጥቂት ነው። ተራ ድረ ገጽ ይበቃል።

*ሐ. በጎብኚው ስልክ፣ በቤት ውስጥ ዋይፋይ።* ድምፆቹ እዚያው ሙዚየሙ ውስጥ ባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ፤ ራስበሪ ፓይ የሚሏት የእጅ መዳፍ የምታክለዋ ትበቃለች። ራውተሩ ለጎብኚው ያሰራጫል። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የጎብኚውም ዳታ አይቆረጥም። ሁለቱም ዕቃዎች የሚፈልጉት ኃይል ትንሽ ስለሆነ በባትሪ ማቆየት ይቻላል።

አንድ ወጥመድ ግን አለው። ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ይልና ጎብኚው ሳያውቅ ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል። ገጹ አይከፈትም። ጎብኚው «አይሠራም» ብሎ ይሄዳል። መፍትሔው ትኬት መቁረጫው ላይ «መጀመሪያ ዳታችሁን አጥፉ፤ ስልኩ ሲጠይቃችሁ ግንኙነቱ ይቀጥል በሉ» የሚል ወረቀት መለጠፍና ሠራተኛው እንዲያግዝ ማድረግ ነው። ራውተሩን በ2.4 ጊጋኸርዝ አድርጉት፤ ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳ ያልፋል።

*መ. የቡድን ሬዲዮ።* አስጎብኚው ማይክ ይይዛል፣ ጎብኚዎቹ መቀበያ ያደርጋሉ። የተቀረጸ ድምፅ የለም። ግቢው ሰፊ ከሆነ ወይም ሁለት ሦስት ቡድን በአንድ ጊዜ ከገባ ይጠቅማል። ለአራት ክፍል ሙዚየም ቅንጦት ነው።

*ሠ. ቁልፍ ተጭነው የሚሰሙት ድምፅ ማጉያ።* ለአንድ ክፍል፣ ለአንድ ቅርስ ጥሩ ነው። ሁለት ማጉያ በአንድ ክፍል ካለ ግን ገበያ ይሆናል።

የኔ ምርጫ? ለአብዛኛው የአካባቢያችን ሙዚየም «ሐ»ን ዋና አድርጎ፣ ስልክ ለሌለውና ለአዛውንት ጥቂት የ«ሀ» ማጫወቻ ማስቀመጥ ነው። በየክፍሉ ዳታ ያለ ችግር ከሠራ «ለ»ም ይሆናል። ሁለቱም መንገድ የሚጠቀመው ያንኑ የድምፅ ፋይል ስለሆነ ድርብ ሥራ የለውም።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን ጻፉ

ጎብኚ ዕቃውን አያስታውስም፤ የሰማውን ያስታውሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

ለመጀመሪያ ከ12 እስከ 15 ቅርስ ምረጡ። ሁሉንም ለመግለጽ አትሞክሩ። እያንዳንዱ ገለጻ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ይሁን። ሰው የሚያዳምጠው ቆሞ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ሲያልፍ እግሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ርዝመቱን በቃላት ብዛት አትገምቱ። ጮክ ብላችሁ አንብቡና በሰዓት ለኩ።

ከመግለጫ ወረቀቱ ላይ አትገልብጡ። ለዓይን የተጻፈ ለጆሮ አይሆንም። ለምሳሌ እንዲህ ያለውን ተዉት፦

«ይህ ቅርስ በአካባቢው ማኅበረሰብ ዘንድ ለመከላከያነት ሲያገለግል የቆየ ከእንስሳት ቆዳ የተሠራ ቁስ ሲሆን…»

በምትኩ ዓይኑን ምሩት፦

«ጋሻውን ከጎኑ ሆናችሁ እዩት። መሃሉ ጉብ ብሏል። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ነው ይህን ቅርጽ የያዘው። አሁን ዞር ብላችሁ ጀርባውን እዩ። እጁ የሚገባበት መያዣ ያው። ተዋጊው የሚያየው ይህንን ጎን ነው፤ ያጌጠውን የሚያየው ጠላቱ ነው።»

«በስተግራችሁ» አትበሉ። ጎብኚው በየት በኩል እንደቆመ አታውቁም። «መስኮቱ አጠገብ ያለው» ብትሉ አይሳሳትም።

ለእያንዳንዱ ቅርስ ገለጻው ለየብቻ ይሁን፤ «ቀደም ብለን እንዳየነው» የሚል አይግባበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅርስ ቦታ ይቀየራል፣ ለጥገና ይወጣል፣ ይጠፋልም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏል። ገለጻችሁ ሁሉ የተያያዘ አንድ ረጅም ድምፅ ከሆነ አንድ ቅርስ ሲነሳ ሁሉም እንደ አዲስ ይቀረጻል።

ጽሑፉን የታሪክ ወይም የቅርስ ባለሙያ ይየው። ከዚያ በኋላ ብቻ ይተርጎም። የማሽን ትርጉም ወስዳችሁ ሰው ሳያርመው አታስቀርጹ። ሁለት ቋንቋ በደንብ ከተሠራ ከአምስት ግማሽ ሥራ ይበልጣል።

መስማት ለተሳናቸው ጽሑፉን በትልቅ ፊደል አትማችሁ አስቀምጡ። ማየት ለተሳናቸው ደግሞ ቅርጹን፣ መጠኑንና የተሠራበትን ነገር በቃላት የሚስል ለየት ያለ ገለጻ ይዘጋጅ፤ እሱ ሁለት ደቂቃ ቢያልፍም ግድ የለም።

ደረጃ 5፦ ሳትገዙ ሞክሩት

አምስት ገለጻ በስልካችሁ ቅረጹ። ጥራቱ አያሳስባችሁ። ለአምስት ስድስት ሰው በቴሌግራም ላኩና ሙዚየሙ ውስጥ እየዞሩ እንዲያዳምጡ አድርጉ። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የት ነው ሰውየው ድምፁን አቋርጦ የሄደው? የት ነው «የቱ ነው?» ብሎ የተንከራተተው?

አስተያየት ስትጠይቁ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል። የወሎ ሰው ፊት ለፊት አያስቀይምም። ስለዚህ «ወደዳችሁት?» አትበሉ። «ስለ ሦስተኛው ምን ትዝ ይላችኋል?» በሉ። ካላስታወሱት እሱን አስተካክሉ።

ይህ ደረጃ ወጪው ዜሮ ነው። ከዘለላችሁት ስህተቱን የምታገኙት ሁሉም ተቀርጾ፣ ዕቃው ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ደረጃ 6፦ ሻጩን ጠይቁ፣ ናሙና ተቀበሉ

ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። እነዚህን በጽሑፍ አስመልሱ፦

- ድምፁን እኛ ራሳችን መጫንና መቀየር እንችላለን? ወይስ በየጊዜው ለናንተ እንከፍላለን?
- ባትሪው ይቀየራል? እዚህ አገር ይገኛል?
- ዓመታዊ ክፍያ አለ? በብር ነው በዶላር? በዶላር ከሆነ በየዓመቱ የውጭ ምንዛሬ ፍለጋ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ሲስተሙም ሊቆም ይችላል።
- ጆሮ ማዳመጫው ተራው 3.5 ሚሊሜትር ነው? ወይስ የራሱ ልዩ መሰኪያ? ልዩ ከሆነ ሲበጠስ ደሴ ውስጥ አታገኙትም።
- ሲበላሽ የት ነው የሚጠገነው? አዲስ አበባ ከሆነ ማመላለሻውን ማን ይከፍላል?

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ናሙና ለሳምንት ተቀበሉ። ጠዋት አስነስታችሁ እስኪጠፋ አጫውቱት። ወረቀቱ ላይ «10 ሰዓት» ቢልም የምትፈልጉት ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ መድረሱን ነው። ከወገብ ከፍታ ምንጣፍ ላይ ጣሉት። ጨካኝ ይመስላል፤ ጎብኚም ይጥለዋል።

የቡድን ሬዲዮ ለማስመጣት ካሰባችሁ፣ ሞገድ የሚያሰራጭ ዕቃ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማረጋገጫ ይፈልጋል። ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ያለዚያ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 7፦ በደንብ ቅረጹ

ዕቃው እስኪደርስ ቀረጻውን ጨርሱ። ስቱዲዮ ካገኛችሁ ጥሩ። ካላገኛችሁ መኝታ ቤት ይበቃል። ፍራሽ ግድግዳ ላይ አቁሙ፣ ብርድ ልብስ መስኮትና በር ላይ ስቀሉ። ባዶ ክፍል ውስጥ ድምፅ ይመላለሳል፤ ጨርቅ ይውጠዋል።

ጊዜ ምረጡ። ደሴ ላይ ፀጥታ ማግኘት ቀላል አይደለም። አዛን አለ፣ ቅዳሴ አለ፣ ባጃጅ አለ። ከክረምቱ ውጭ፣ በሁለት ሶላት መካከል ያለውን ሰዓት ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ሥር አትሞክሩት። ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፤ ጆሯችሁ ለምዶት አትሰሙትም እንጂ ማይኩ ይሰማዋል። ስልኮች ሁሉ ኤሮፕላን ሞድ ላይ ይሁኑ።

ተራኪው ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ትንሽም ወደ ጎን ያዘንብል። ልክ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» ሲል እስትንፋሱ ማይኩን ይመታዋል። ውሃ አጠገቡ ይኑር። የአንድ ቋንቋ ቀረጻ በተቻለ መጠን በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ይለቅ። በማግስቱ ድምፁ ይለወጣል፤ ጎብኚውም ልዩነቱን ይሰማዋል። ዜና አንባቢ አትፈልጉ። ለእንግዳ ቤቱን እንደሚያሳይ ሰው የሚናገር ፈልጉ።

ሁሉም ሰው ከድምፁ ሥር ሙዚቃ ማድረግ ይፈልጋል። ባቲና አምባሰል የአገራችን ቅኝቶች ስለሆኑ ያጓጓል። መግቢያው ላይ ጥቂት ሰከንድ አድርጉና አቁሙ። ትረካ ሥር ያለማቋረጥ የሚሄድ ዜማ ቃሉን ይሸፍነዋል፤ መስማት ለሚቸግራቸው አዛውንት ደግሞ ይብሳል። ቅኝቱ የሁሉም ቢሆንም የተቀረጸ ሙዚቃ ባለቤት አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአጫዋቹም መብት ይሰጣል። ማሲንቆ ተጫዋች ጋብዛችሁ፣ ከፍላችሁ፣ በጽሑፍ ተስማምታችሁ አስቀርጹ። ከተራኪውም ጋር እንዲሁ ውል ይኑራችሁ።

ደረጃ 8፦ ፋይሎቹን አዘጋጁ

ዋናውን ቅጂ በዌቭ ፎርማት አስቀምጡ፤ በሁለት የተለያየ ቦታ። ለማጫወቻ የሚሆነውን ወደ ኤምፒስሪ ቀይሩ። ለንግግር ሞኖ፣ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃል። በዚህ መጠን አንድ ደቂቃ 480 ኪሎባይት ገደማ ነው። 15 ገለጻ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ለአንድ ቋንቋ 11 ሜጋባይት አይሞላም። ሦስት ቋንቋ ቢሆን እንኳ 33 ሜጋባይት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ «ትልቅ ሰርቨር ያስፈልጋችኋል» የሚል ሻጭ ሲመጣ ይህን ስሌት አሳዩት።

የፋይሉን ስም በቁጥር ብቻ አድርጉ፦ 01፣ 02፣ 03። ርካሽ ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደል አያነቡም፤ ባዶ ሳጥን ያሳያሉ። «1» ብላችሁ ከጀመራችሁ ከ1 ቀጥሎ 10 ሊመጣ ይችላል። አንዳንዶቹ ደግሞ በስም ሳይሆን ወደ ካርዱ በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ያጫውታሉ። ለእነዚህ ፋይሎቹን አንድ በአንድ በተራ ገልብጡ።

በስልክ ለሚሰማው ገጽ ትልቅ የማጫወቻ ቁልፍ ይኑረው። ስልኮች ድምፅ ያለው ነገር ገጹ ሲከፈት በራሱ እንዲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አይፈቅዱም። ሠሪው በኮምፒውተሩ ሞክሮ «ይሠራል» ቢላችሁ በሦስቱም ስልክ ራሳችሁ ሞክሩት።

ደረጃ 9፦ ቁጥርና ኮድ ለጥፉ

ኪውአር ኮድ ከሚነሳበት ርቀት አንድ አሥረኛውን ያህል ስፋት ይኑረው። ጎብኚው በ50 ሴንቲሜትር ርቀት ከቆመ 5 ሴንቲሜትር፣ በአንድ ሜትር ከቆመ 10 ሴንቲሜትር። ከኮዱ ሥር ቁጥሩን ጎላ አድርጉት። የሚያብረቀርቅ ላሚኔት አትጠቀሙ፤ የመስኮት ብርሃን ሲያርፍበት ካሜራው አያነበውም። ከፍታው በዊልቸር ለሚመጣም የሚመች ይሁን።

ኮዱን በነፃ ከሚሠሩ ድረ ገጾች ተጠንቀቁ። አንዳንዶቹ ኮዱን በራሳቸው አድራሻ በኩል ያሳልፉታል። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ኮዱ ይሞታል፤ የለጠፋችሁት ሁሉ ተልጦ እንደገና ይታተማል። የራሳችሁን አድራሻ በቀጥታ የያዘ ኮድ አሠሩ።

ደረጃ 10፦ የትኬት መስኮቱን አሠራር ደንግጉ

ዕቃውን ማን ያድላል? ማን ይቀበላል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ይህ ካልተጻፈ ከወር በኋላ «የማን ሥራ ነው?» ይመጣል።

መታወቂያ ይዛችሁ ቁጥር ያለው ማጫወቻ ስጡ። ስትሰጡ አንድ ቁጥር አብራችሁ ተጫኑና ድምፁ መሰማቱን አረጋግጡ። «ገባዎት እናቴ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ እሳቸው «አዎ» ይላሉ። ሲመለስ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ። አልኮሉን ዕቃው ላይ አትርጩ፤ በድምፅ ቀዳዳው ይገባል።

ማስጠንቀቂያ

- ማጫወቻዎችን ሌሊት ሰው በሌለበት ቻርጅ አታድርጉ። ሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ የእንጨት ወለልና የብራና መጻሕፍት ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ቻርጅ የሚደረገው በሥራ ሰዓት፣ ከኤግዚቢሽኑ ክፍል ውጭ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ ነው። ያበጠ ባትሪ ወዲያው ከቤት ይውጣ።
- በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሌላ ማከፋፈያ አትሰኩ።
- ቅርስ በሆነ ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ፈቃድ ምስማር እንኳ አይመታ። ገመድ በወለሉ ጠርዝ ይሂድ።
- ማጣበቂያ ያለው ወረቀት ቅርሱ ላይም፣ ቅርሱ የተቀመጠበት አሮጌ ሳጥን ላይም አይለጠፍ። ለብቻው የሚቆም ሰሌዳ አሠሩ።
- መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ራውተሩና ትንሿ ኮምፒውተር ያለ ስታብላይዘር ወይም ያለ ባትሪ በቀጥታ አይሰኩ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*ዕቃው ቀድሞ ይገዛል፣ ጽሑፉ ይረሳል።* በጀቱ ሁሉ ማጫወቻ ላይ ያልቃል። ከዚያ ጽሑፉን አንድ ሠራተኛ በአንድ ምሽት ይጽፈዋል። በጀት ስትይዙ ለጽሑፍ፣ ለትርጉምና ለቀረጻ የሚሆነውን ቀድማችሁ ለዩት።

*ለጆሮ ማዳመጫ አይታሰብም።* ጎብኚው በስልኩ ሲያዳምጥ ማዳመጫ ከሌለው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለቀዋል። አሥር ሰው እንዲህ ሲያደርግ ማንም ማንንም አይሰማም። ርካሽ ባለ ሽቦ ማዳመጫ በትኬት መስኮቱ ሽጡ፤ ጎብኚው ይዞት ስለሚሄድ ጽዳቱም አያሳስብም። ቀዳዳ ለሌላቸው አዳዲስ ስልኮች ባለ ታይፕ ሲ ጥቂት ያዙ።

*ቅርሱ ይነሳል፣ ቁጥሩ ይቀራል።* ቅርስ ያነሳ ሰው ያን ዕለት ሰሌዳውንም ያንሳ፤ በገጹም ላይ «ለጊዜው የለም» ይባል። የለቀቀውን ቁጥር ለሌላ ቅርስ አትስጡ። አዲስ ለሚመጣው አዲስ ቁጥር ይውጣለት፤ ያለዚያ የድሮው ድምፅ በአንዱ ማጫወቻ ላይ ቀርቶ ጋሻ ፊት ስለ መሶብ ያወራል።

*ማንም ተመልሶ አይፈትሽም።* ሰኞ ጠዋት ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሰው ማጫወቻ ይዞ ይዙር። ሁሉንም ቁጥር ይጫን፣ ሁሉንም ኮድ በአሮጌው አንድሮይድ ያንሳ። ያልሠራውን በደብተር ላይ ከቀኑ ጋር ይጻፍ። ደብተሩ ትኬት መቁረጫው ላይ ይቀመጥ፤ ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ከተቆለፈበት ማንም አይጽፍበትም።